በወፍ ጩኸት የተተከለ ድንኳን

በወፍ ነገር ከእኔ ጋር የሚከራከር ሰው ገና አልተወለደም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ጂማ፣ ጊንጆ ሰፈር ባለው ቤታችን ጓሮ፣ አቮካዶው ሥር፣ የስፌት መኪናዬን አውጥቼ ዕድሜዬን እዚያ ስለፈጀሁት ነው። እጄ ይሰፋል፣ እግሬ ይረግጣል፣ ጆሮዬ ግን ሥራ ፈት ነው። ሥራ የፈታ ጆሮ ደግሞ ወይ ሐሜት ይለቅማል ወይ ወፍ ያዳምጣል። እኔ ሁለቱንም አደርግ ነበር፤ ወፎቹ ግን ይበልጡብኝ ነበር፣ አይዋሹማ።

ጓሮው ሙሉ ነው። ራሷ ጥቁር የሆነ፣ ጎህ ሳይቀድ መለፍለፍ የምትጀምር፣ እኔ «ወሬኛዋ» የምላት አለች። ረጅም ጭራቸውን እየጎተቱ ኮኩን ሳይበስል የሚጨርሱ ሌቦች አሉ። ዋነሶች አሉ፣ ድንቢጦች አሉ። ደግሞ ራሱ ላይ ቁና የደፋ የሚመስል፣ ሲበር ክንፉ ከሩቅ የሚሰማ ትልቅ ወፍ አለ፤ እሱን «ደጃዝማች» እለዋለሁ። ማዕረግ በአዋጅ ከተሻረ ወዲህ ግን ስሙን የምጠራው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው።

እነዚህ ሁሉ የሚፈሩት ሲመጣ አጯጯኻቸው አንድ አይደለም። ጭልፊት ከላይ ሲያንዣብብ አንዷ ቀጭን ፉጨት ታሰማለች፣ ከዚያ ጓሮው በሙሉ ትንፋሹን ይውጣል። ድመት ሲመጣ ዝቅ ብለው፣ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየተከተሉ፣ እናቱንም አባቱንም አንሥተው ይሰድቡታል። ሰው ሲመጣ ደግሞ ባንድ ጊዜ ብር ብለው ይነሡና ማዶ ዛፍ ላይ ሰፍረው ዝም ይላሉ። ይህን ለባሌ ለገብረሥላሴ ስነግረው «የወፍ ቋንቋ የሚያውቅ ሰሎሞን ብቻ ነው፤ አንቺ ክርሽን አጥብቂ» ይለኝ ነበር።

ገብረሥላሴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ከልክ ያለፈ ነው፣ እምቢ ማለት አልፈጠረበትም። መከራውን ያመጣብንም ይኸው ነው።

ከአጥራችን ማዶ ታመነና ሚስቱ ተስፋነሽ ይኖራሉ። ከሆሳዕና በኩል የመጡ ናቸው፤ እሱ አናጢ፣ እሷ ቅቤ ነጋዴ፣ ሁለቱም ጴንጤ። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፤ በጭብጨባ የሚዘመር መዝሙር ጆሮዬን ያሳክከዋል። ነገር ግን ጣሪያችን ያፈሰሰ ጊዜ በዚያ በጂማ ዝናብ ወጥቶ የመታልን ታመነ ነው። ወገቤን ታምሜ የተኛሁ ጊዜ ገንፎ ያገነፋችልኝ ተስፋነሽ ናት። ጎረቤት በሃይማኖት አይመረጥም።

ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ታመነ ቤት ይሰበሰባሉ። ያን ጊዜ ከእድርና ከለቅሶ በቀር ያለ ቀበሌው ፈቃድ መሰብሰብ ያሳስር ነበር፤ ታመነም አንድ ጊዜ ታስሮበታል። ሊፈታ ሲል ዋስ አምጣ ተባለ። ተስፋነሽ ዋስ ፍለጋ ሰፈሩን ስትዞር ሁሉም ሰው ድንገት ሥራ በዛበት። የኔው ጉድ ገብረሥላሴ ግን ተነሥቶ ሄደና፣ በቀበሌው ሊቀመንበር ፊት «ታመነ ዳግመኛ ተሰብስቦ ቢገኝ በሱ ፈንታ እኔ ልታሰር» ብሎ ቃሉን ሰጠ። መጥቶ ሲነግረኝ የያዝኩት መቀስ ከእጄ ወደቀ።

«ሰውዬ፣ እነሱ መጸለይ የሚተዉ መስሎህ ነው?»

«አይተዉም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ» አለ፣ ወደ አቮካዶው በአገጩ እያመለከተ፣ «ወፎችሽ አሉልን አይደል?»

ስለዚህ ሳልወድ በግዴ የጴንጤ ዘበኛ ሆንኩ። ስምምነታችን ይህ ነበር፦ ወፎቹ ብር ብለው ከተነሡ በአጥሩ ላይ «ተስፋነሽ! ወንፊት አለሽ ወይ?» እላለሁ። ያን ጊዜ መጽሐፍ ቅዱሱ ከበቆሎው ጆንያ ሥር ይገባል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ፣ ወንዶቹ ጉንጫቸውን ይይዛሉ፤ ዝም ብለው መርዶ እንደሰማ ሰው ይቀመጣሉ። መንገደኛው አልፎ ሲሄድ ወደ ጸሎታቸው ይመለሳሉ። ብልሃቱን ያመጣችው ተስፋነሽ ናት። ታመነ ግን ቅር ብሎት ነበር። «እትዬ ቆንጂት፣ እኔ መደበቅ እደበቃለሁ፤ ማን ሞተባችሁ ብለው ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም» ብሎኛል። እኔም በልቤ «እንግዲያው የማይጠይቅ ሰው ይላክልን» አልኩ።

ችግር የሆነብን ድመቱ ነው። ሊቀመንበራችን ጓድ ገበየሁ አንድ ቡላ ወንድ ድመት ነበረው። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች ይባላል፤ ይህ ደግሞ መላ አካሉን በየሰው ጓሮ ነበር የሚያሳድረው። አንድ ቀን የዋነስ ጫጩት በአፉ ይዞ በፊቴ ሲያልፍ እንኳ ድንጋይ አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። የሊቀመንበር ድመት መትቶ ማን ስኳር ከቀበሌ ያገኛል? እሱም ይህን የሚያውቅ ነበር የሚመስለው፤ ዞር ብሎ አይቶኝ ነው የሄደው።

ድመቱ ረቡዕን ከሐሙስ አይለይም። እነታመነ ጸሎት ላይ ሳሉ ይመጣል፣ ወፎቹ ጓሮውን በጩኸት ይገለብጡታል፣ ተስፋነሽ ደንግጣ አንገቷን በአጥሩ ታወጣለች። እኔ «ድመት ነው፤ ቀጥሉ» እላለሁ። እነሱ ይጸልያሉ፣ ወፎቹ ይሳደባሉ፣ እኔ እሰፋለሁ። አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም።

ከዕለታት አንድ ረቡዕ የሴቶች ማኅበር አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ራሱ ንግግር ያደርጋል፣ የቀረች ወዮላት ተባለ። እነታመነን የዚያን ቀን ጸሎት እንዲያስቀሩ ብለምናቸው፣ ከሩቅ የመጡ ሰዎች አሉን ብለው እምቢ አሉኝ። ምን ላድርግ? ባሌን ከቢሮው አስፈቅጄ አመጣሁና አቮካዶው ሥር አስቀመጥኩት።

«ዝቅ ብለው እየተከተሉ ከተሳደቡ ድመት ነው፤ ዝም በል። ተነሥተው ጸጥ ካሉ ሰው ነው፤ ወንፊት ጠይቅ። ድገመው።»

«ከተሳደቡ ዝም፣ ጸጥ ካሉ ወንፊት። ቆንጂት፣ እኔ እኮ የመንግሥት ሂሳብ የምይዝ ሰው ነኝ።»

«የመንግሥት ሂሳብ አይበርም» አልኩትና ሄድኩ።

ስብሰባው ላይ ጓድ ገበየሁ ስለ ንቃት መናገር ጀመረ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚበልጥ ሰው ነው። ገና ወደ መካከሉ ሳይደርስ የእድራችን ጡሩንባ ተሰማ። ጡሩንባ ነፊው ቲጃኒ በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ «ታመነ አናጢው ቤት ለቅሶ ነው! ኢናሊላሂ! ድረሱ!» እያለ ይጮኻል። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አጠፈ። «ስብሰባ ይደርሳል፤ ለቅሶ ግን ለነገ አይባልም» አለና ከፊት ቀደመ። ሴቶቹ በሙሉ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ተከተሉት። ጴንጤ ፍለጋ ቢወጣ ያን ያህል ሰው አያስከትልም ነበር።

ስንደርስ በመጀመሪያ ያየሁት ሰዉን አይደለም፤ አጥሩን ነው። አጥሩ ላይ ቡላው ድመት ተጋድሟል። በላዩ ወሬኛዋና ጭራ ጎታቾቹ ዝቅ ብለው ይሰድቡታል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ የመጣ ሰው አልነበረም። በኋላ ባሌ እንደነገረኝ፣ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎታል። ድመቱ መጣ፣ ወፎቹ ጮኹ፣ እሱ በድንጋጤ ካንቀላፋበት ብድግ አለ። ወፎቹም እሱን ሲያዩ ብር ብለው ተነሥተው ጸጥ አሉ። ጸጥ ካሉ ሰው ነው ብዬው ነበር፤ ሰውም ነበር፣ ራሱ! እሱ ግን «ወንፊት! ወንፊት! ኧረ ወንፊት በማርያም!» ብሎ ሰፈሩን አደበላለቀው። ወንድ ልጅ እንደዚያ ወንፊት ሲፈልግ ታይቶ አይታወቅም።

ያም ሆኖ ዝም ብለው ቢቀመጡ ምንም አልነበረም። ዳሩ ግን የተስፋነሽ አክስት ዘነቡ በዚያው ሰሞን ከሆሳዕና መጥታ ነበር። ዘነቡ ሁሉን ነገር ለጌታ ሰጥታለች፤ ለቅሶን ግን ገና አልሰጠችም። ስለ ወንፊቱ ማንም አልነገራትም። ዓይኗን ጨፍና ስትጸልይ ቆይታ ገልጣ ብታይ ነጠላ ተዘቅዝቋል፣ ጉንጭ ተይዟል። ሰው ሞቶ ደበቁኝ ብላ ደረቷን ደቃች። ጩኸቷን እስከ ገበያው ድረስ የሰሙ አሉ። ቲጃኒም «ኤኙ ዱኤ? ማን ሞተ?» ብሎ መጠየቁን ትቶ ወደ ጡሩንባው ሮጠ።

የእድሩ ወጣቶች ድንኳኑን ተሸክመው ደርሰዋል። ባሌ የታመነ በር ላይ እውነተኛ ወንፊት በእጁ ይዞ ቆሟል፤ ማን እንደሰጠው እሱም አያውቅም። ሊቀመንበሩ ቆቡን አወለቀ።

«ማነው የሞተው?»

ሁሉም ወደ ታመነ ዞረ። ታመነ አፉን ከፈተ። እውነቱ በጉሮሮው ሲወጣ በዓይኔ አየሁት። ይህ ሰው «ማንም» ብሎ ባሌን ሊያሳስርብኝ ነው ብዬ ወደ እመቤቴ ጮኽኩ።

«አጎቱ!» አለ ገብረሥላሴ፣ ከታመነ ቀድሞ። «የታመነ አጎት ናቸው። ሩቅ ናቸው። ሊሙ ገነት።»

«ስማቸውስ?»

ባሌ በወጣትነቱ ሊሙ ገነት ቡና መዘኛ ላይ ሠርቷል። ያን ጊዜ የሚያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ከጭንቅላቱ ጠፉና አንድ ብቻ ቀሩት። «ጋሽ ጎሳዬ» አለ።

ጓድ ገበየሁ የሊሙ ገነት ልጅ መሆኑን እኛ ቀርቶ የቀበሌው ፍየሎች ሁሉ ያውቃሉ። ገብረሥላሴ ግን በዚያች ሰዓት የገዛ ስሙንም አያውቅም ነበር።

«ጎሳዬ? ቡና አስጪው ጎሳዬ? ያ አንካሳው?»

«አዎ» አለ ባሌ። ምን ይበል?

ሊቀመንበሩ ጭቃው ላይ ዘፍ አለ። «ጎሳዬ!» አለ። «ጎሳዬ! ሳልታረቅህ!» እንዲያ ሲል ዘነቡ እንኳ ዝም አለች።

ኋላ አልቅሶ ሲወጣለት ራሱ ነገረን። አባት እናት አልነበረውም። ጎሳዬ ቡና ከሚያሰጣበት ቆጥ ሥር አንሥቶ፣ አብልቶ፣ ትምህርት ቤት አስገብቶ አሳደገው። ለውጡ ሲመጣ ገበየሁ በስብሰባ መካከል ተነሥቶ ሽማግሌውን «የባላባት ጅራት» ብሎ ሰደበው። ሽማግሌው ምርኩዙን አንሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ገበየሁ በሊሙ ገነት በኩል አላለፈም። «ዛሬ ነገ ስል፣ በምን ዓይኔ ስል» ይላል፣ አፍንጫውን በቆቡ እየጠረገ። እውነቱን ልናገር፤ አንጀቴን በላው። የምፈራው ሰው እንደዚያ ያሳዝነኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ድንኳኑ ተተከለ፣ ንፍሮው ተቀቀለ። ሊቀመንበሩ ድንገት ቀና ብሎ «እናንተ ጴንጤዎች አይደላችሁም እንዴ? ምን ዝም ትላላችሁ? ጸልዩለት እንጂ!» አለ። ታመነ በለሆሳስ «ጓድ፣ እኛ ለሞተ ሰው አንጸልይም። ለቀረው ነው የምንጸልየው» አለው። ይህን ሰው እግዜር የፈጠረው እኔን ሊገድል ነው! ሊቀመንበሩ አፍጥጦ አየው። ከዚያ ራሱን ወደ መሬት ደፋ።

«የቀረሁት እኔ ነኝ» አለ።

ጸለዩለት። መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ኋላ ድምፃቸውን ለቀው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በእድር ድንኳን ውስጥ፣ በቀበሌው ሊቀመንበር ራስ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩለት። ሊቀመንበሩን ተከትለው የመጡት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን ታቅፈው አብረው አሜን ይላሉ። እኔ ጥግ ቆሜ አማተብኩ። ባሌ ወንፊቱን እንደያዘ ነው።

ደስታው ሰዓት አልቆየም። ሊቀመንበሩ እንባውን ጠርጎ «ነገ በማለዳ ሊሙ ገነት እሄዳለሁ። ቀብሩ ቢያመልጠኝ እንኳ መቃብሩን እስማለሁ» አለ።

ማግስቱን ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጥነው የራሳችንን ለቅሶ ነበር። ሊቀመንበሩ በቡና ጭነት መኪና ተሳፍሮ ሄዷል። ባሌ ጆሮዬ ሥር «ጋሽ ጎሳዬ እኮ ያን ጊዜም ሽማግሌ ነበሩ፤ ምናልባት በእውነት ሞተው ቢሆንስ?» ይለኛል።

«አንተ ሰው፣ ለሰው ሞት ትመኛለህ?»

«እኔ ምንም አልተመኘሁም። ምናልባት አልኩ እንጂ።»

እኔም እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ምናልባት ብዬ ነበር። ባሌ በስተርጅናው የቀበሌ እስር ቤት ሲሚንቶ ላይ ሲተኛ እየታየኝ የምይዝ የምጨብጠውን አጣሁ። የደረበው ካፖርት ይብቃው አይብቃው፣ ስንቅ ማን ያመላልስለታል ስል ዋልኩ። በደንብ ስሰድበው ኖሬ እንደዚያ እንደምወደው ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ታመነ አጠገባችን መጥቶ «ጋሽ ገብረሥላሴ፣ ቢመጡ እኔ ነኝ የምናገረው፤ ውሸቱ የኔ ጸሎት ያመጣው ነው» ቢለው፣ ባሌ «አንተማ አፍህን ከከፈትክ ሁላችንም አለቅን» አለው።

ከሰዓት በኋላ ጓሮ ያሉት ወፎች ብር ብለው ተነሡ። ከዚያ ጸጥ አሉ። የባሌን እጅ ያዝኩት። ባሌም ለመጀመሪያ ጊዜ «ሰው ነው» አለኝ።

ሊቀመንበሩ በድንኳኑ በር ገባ። በክንዱ ደግፎ ያስገባው አንካሳ ሽማግሌ ምርኩዙን ይዞ ቆሞ ዙሪያውን ያያል። ከሊሙ ገነት በኩል ያገባች አንዲት የእድር ሴት «ጎሳዬ!» ብላ ከወንበሯ ወደቀች። ዘነቡ ለመጮኽ አፏን ከፍታ ምን ብላ እንደምትጮኽ ጠፋባት። ቲጃኒ ጡሩንባውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። ለሞተ እንጂ ለተነሣ የሚነፋ አልተማረም።

ሽማግሌው ምንም ሳይቸኩል ከፊት ወንበር ተቀመጠ። «ለቅሶዬ ላይ ማን ማን እንደመጣ ልይ ብዬ ነው» አለ። «ብዙ ሰው ነው። እግዜር ይስጥልኝ። ንፍሮው ለኔ አይደል? ታዲያ ለምን አይሰጠኝም?»

አንዲት ልጅ ሰጠችው። ማንም አልሳቀም፤ ሊቀመንበሩ ቆሞ ነበራ።

«ታመነ» አለ ገበየሁ። «ይህ ሰው አጎትህ ነው?»

«አይደሉም፣ ጓድ። ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

«ለማን ነበር የምታለቅሱት?»

«አላለቀስንም። እንጸልይ ነበር። ሰው የመጣ መስሎን እርስዎን ፈርተን ነው» አለ ታመነ።

ሊቀመንበሩ ወደ ባሌ ዞረ። ያ ትልቅ ድምፁ ተመልሶ መጥቷል። «ገብረሥላሴ፣ ለዚህ ሰው ዋሱ አንተ ነህ። ተሰብስቦ ተገኝቷል፤ አንተ ደግሞ በላዩ ዋሽተሃል። ቃልህ ይያዝብሃል። ወይም ለራስህ ዋስ ጥራ። ማን አለህ?»

ገብረሥላሴ ተነሣ። ድንኳኑን በዓይኑ ዞረው። ደግ ከዋለላቸው፣ ዋስ ከሆናቸው ሰዎች አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዱ የድንኳኑን ገመድ ይቆጥራል። አልተቆጣሁባቸውም፤ ፍርሃት ነበር። እኔ ለመነሣት ወገቤን ስይዝ፣ ከፊት ወንበር ሽማግሌው ንፍሮ ባፉ ሞልቶ ተናገረ።

«እኔ አለሁት።»

«ጋሼ፣ እርስዎማ…» አለ ሊቀመንበሩ።

«እኔማ ምን? ሬሳ ዋስ አይሆንም ልትል ነው?» ሽማግሌው ንፍሮውን ውጦ ምርኩዙን ጭኑ ላይ አጋደመ። «ገበየሁ፣ ጎሳዬ በሕይወት አለ እየተባለልህ ስንት ክረምት አለፈ? አንድ ቀን መጣህ? ይህ ሰው ሞተ ብሎ ዋሸህና ባንድ ሌሊት ደረስክ። እኔ ልጄን ያገኘሁት በሱ ውሸት ነው። ካሰርከው እኔንም አብረህ እሰር።»

ጓድ ገበየሁ ቆቡን አውልቆ በእጁ ያገላብጥ ጀመር። ቲጃኒ ነገሩ ያበቃ መስሎት የድንኳኑን ገመድ መፍታት ጀመረ። ሊቀመንበሩ በዚያ በትልቁ ድምፁ ጮኸበት።

«ማን አፍርስ አለህ? ለቅሶ እስከ ሠልስቱ ነው! ከለቅሶ ቤት ማንንም ሰው አላስነሣም፤ ሕግ ነው!» ከዚያ ከሽማግሌው እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠና ታመነን ቀና ብሎ አየው። «ምን ትጠብቃለህ? ቀጥል።»

ታመነ ቀጠለ። ባሌ አጠገቤ ቁጭ አለና ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። በዚያ ለቅሶ ቤት ሁለት ቀን ሙሉ ከገበየሁ ሌላ ከልቡ ያለቀሰ ሰው እሱ ብቻ ነበር።